ጭልፊቱና የፊቴ እጣቢ

ዶሃ ከመጣሁ ወዲህ ያላጠብኩት ነገር የለም። ሳህን፣ ምንጣፍ፣ መስኮት፣ የአሮጊት እግር። ሕይወቴን የገለበጠው ግን እኔው ራሴ የታጠብኩበት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ነው። ነገሩ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ እሑድ ከሰዓት አለቀ። እንዳለ ላጫውታችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተው፤ የእኔ ፍርድ መሮ ስለቆየ ለማንም አይሆንም።

ያን ጊዜ አል ራያን ውስጥ አንድ ትልቅ ግቢ ነበር የምሠራው። ሥራዬ የቤቱን ጌታ፣ የባባን እናት መያዝ ነው። ሁላችንም «ማማ» እንላቸዋለን። ጉልበታቸው ስለከዳቸው በሄዱበት ሁሉ ክንዳቸው ሥር ገብቼ እደግፋቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ፣ ጸጉራቸውን አበጥራለሁ፣ ሲቆጡም የሚቆጡት እኔ ላይ ነው። ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ በእሳቸው ላይ እንዳትፈርዱ ብዬ ነው።

ደሳለኝ የግቢው ሾፌር ነበር። የአገሬ ልጅ ነው፣ ከእኛ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ቀበሌ የመጣ። የገበሬ ልጅ ስለሆነ እንስሳ መያዝ ያውቃል ብለው ባባ ጭልፊታቸውን ለእሱ ሰጥተውት ነበር። በሬና ጭልፊት ምን እንደሚያዛምዳቸው ባባ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ከደሳለኝ ጋር መጀመሪያ በሰላምታ፣ ቀጥሎ በወሬ፣ ከዚያ በቁም ነገር ተግባባን። አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድሙ ሽማግሌ ይዞ እናቴ ቤት እንዲሄድ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ እሑድ። በዚያ ሳምንት እግሬ መሬት የረገጠ አይመስለኝም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሌላ አገር ላደገ ሰው ይህ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። በእኛ አካባቢ ግን ሸክላ የሚሠራና ብረት የሚቀጠቅጥ ቤተሰብ «ቡዳ» ይባላል፤ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። እናቴ ገበያ ስትወጣ ሌሎቹ እናቶች ሕፃናታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። ድስቷን ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፣ ከወጡ ግን አያቀምሷትም። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው፤ ደህና ደህናው ገበያ ሄዶ እኛ በተሰነጠቀው ነበር የምንበላው። ብቻችንን እንደምንበላ ግን ተረቱ አይናገርም።

ይህን ሁሉ ለደሳለኝ ገና ከጅምሩ ነግሬዋለሁ። ኮርኒሽ ላይ ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ነበር። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ የምትሄድ ከሆነ አሁኑኑ ሂድ» አልኩት።

ሳቀ። «አፈር ጠፍጥፎ እንጀራ መብላት ምን ነውር አለው? የእኔስ አባት አፈር ገፍቶ አይደል የሚበላው?» አለኝ።

በዚያች ቃል ነው የወደድኩት፤ መልኩማ ያን ያህልም አይደለም።

ጭልፊቱ «በርቅ» ይባላል፣ መብረቅ ማለት ነው። ባባ የገዙት በቅርቡ ስለሆነ ገና ሜዳ ላይ ተለቆ አያውቅም ነበር። ከሰው ጫጫታ ጋር እንዲላመድ ግን መጅሊስ በሚሉት የእንግዳ ክፍል ውስጥ፣ ሰው መሃል፣ መቆሚያው ላይ ያስቀምጡታል። ከቆዳ የተሠራች ቆብ ዓይኑን ትሸፍነዋለች። ቆቧ ሳለች ዝም ያለ ፍጥረት ነው፤ ስትወልቅለት ሌላ ነው።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ መጅሊሱ ሞልቶ ነበር። ማማን ደግፌ ገብቼ ትራስ ካመቻቸሁላቸው በኋላ ባባ የጭልፊቱን ቆብ አወለቁ። ማታ ማታ ደሳለኝን እያገዝኩ ለወፉ ሥጋ አቀብል ነበር፤ በሙሉ ብርሃን ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ጥቁር ዓይን ነው ያለው፣ ዙሪያው ቢጫ። መጀመሪያ አንገቱን አዘንብሎ በአንድ ዓይኑ በር ላይ የቆመውን ሰው አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሁለቱም አፈጠጠብኝ።

ስሜ ዓለምነሽ ነው፣ በዚያ ቤት ግን «አልማ» ነኝ። «አልማ፣ እንዴት አየሽው?» አሉኝ ባባ፣ ሰው መሃል ሊያጫውቱኝ ብለው።

«ዓይኑ ማማሩ ባባ» አልኩ። ካፌ እንደወጣ ደነገጥኩ፤ ያማረ ነገር ዝም ብሎ አይወደስም። እጄን ወደ ወፉ ዘረጋሁና «እንትፍ እንትፍ፣ ከዓይን ይሰውርህ» አልኩበት።

እናቴ ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ ጠዋት ጠዋት የምታደርግልኝ ይህንኑ ነበር። አገሩ ሁሉ ዓይኗን የሚፈራት ሴት፣ እሷ ደግሞ ልጇን ከአገሩ ዓይን ትጠብቅ ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ያማረ ነገር ታይቶ «ማሻአላህ» ሲባል በቀን ስንቴ እንደምሰማ አልቆጠርኩትም። በአፌ የመጣልኝ ግን የእናቴው ነው።

አንድ ሽማግሌ እንግዳ ፍንጃሉን አስቀምጦ «ተፋችበት?» ብሎ ባባን ጠየቀ። ባባ ሳቅ ብለው «የአገራቸው ምርቃት ነው» አሉ። ደሳለኝ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያየንና እሱም ፈገግ አለ። ነገሩ በዚያ ያለፈ መሰለኝ።

በማግስቱ አርብ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምሄድበት ቀኔ ነበር፣ ግን ማማ በረሃ ካልሄድኩ ስላሉ ቀረሁ። ሙቀቱ ሲበርድ የዚህ አገር ሰው በረሃ ድንኳን ተክሎ መዋል ይወዳል። እንግዶቹም አብረው መጡ። በርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለቀቅበት ቀን ስለሆነ ባባ እንደ ሙሽራ አባት ነበር የሚሆኑት።

ደሳለኝ በረጅም ገመድ ጫፍ የታሰረ የላባ ጥቅል እያሽከረከረ ራቅ ብሎ ቆመ። ጭልፊቱ ጥቅሉን ርግብ መስሎት እንዲወርድበት ነው። ባባ ቆቡን አውልቀው ለቀቁት። ወጣ፣ ወጣ፣ ነጥብ አከለ። ከዚያ ክንፉን ሰብስቦ ሲወረወር የነፋሱ ድምፅ ድንኳን ድረስ ተሰማ። እንግዶቹ ብድግ አሉ። ልክ ላባው ጋ ሲደርስ ጥፍሩን ዘረጋ፣ ግን የያዘው አየር ነበር። ክንድ በምታህል ርቀት ስቶት አለፈ።

«ሰው አዲስ ሆኖበት ነው፤ ያላ፣ ድገመው» አሉ ባባ።

ደገመው። አሁንም ላባው አናት ድረስ እንደ ቀስት መጥቶ መጨረሻዋ ላይ ሳተው። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ አሸዋ ላይ አርፎ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደድ ጀመር። ባባ ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማፈራቸው ነው።

እኔ ሞኟ እረዳለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። በተሰባበረው ዐረብኛዬ ለማማ «እኔ ሥጋ ሳቀብለው ሁልጊዜ ዓይኑን አየዋለሁ። ሥጋው ሲቀርበው ወደ ኋላ ይላል፣ ሽማግሌ ደብዳቤ ሲያነብ እንደሚያርቀው» አልኳቸው።

ያ የሐሙሱ እንግዳ ሰማኝ። «ሁልጊዜ ዓይኑን ታየዋለች? ትላንት ደግሞ ተፍታበታለች» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጥነው ስለተነጋገሩ አልያዝኩትም። ሁሉም ግን ተራ በተራ ወደ እኔ ዞረው ያዩ ነበር።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ የእኛ ሰዎች። በመኪና ስንመለስ ልቤ የነገረኝ ይህን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማማ ፊታቸውን አሳጥቤያቸው እንደጨረስኩ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ አትደንግጪ። ዓይን ሐቅ ነው። እናት እንኳ የገዛ ልጇን በዓይኗ ትመታለች፣ ከፍቅር ብዛት። ኃጢአት የለብሽም። ትታጠቢልናለሽ፣ ውሃውን በርቅ ላይ እንረጭለታለን፣ ኸላስ፣ ይለቀዋል» አሉኝ።

ነገሩን በኋላ ሌሎች ሴቶችን ጠይቄ ተረድቼዋለሁ። በዚህ አገር ዓይኑ ነክቶ ይሆናል የተባለ ሰው ይታጠባል፣ እጣቢው በተመታው ላይ ይፈሳል። ለእህትም፣ ለጎረቤትም፣ ለወዳጅም ያደርጉታል። የታጠበው ሰው ይመረቃል፣ ከሰዓት በኋላ ማን እንደታጠበ የሚያስታውስም የለም። ማማ የጠየቁኝ ሻይ አምጪ እንደሚሉኝ ያህል ነበር። እኔም ምን ይጎዳኛል ብዬ እሺ አልኩ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንደሆነ አላወቅኩም።

ግቢው ውስጥ፣ የወይራው ዛፍ ሥር፣ ጎድጓዳ ሳህን ተቀመጠ። ፊቴን ታጠብኩ፣ እጄን እስከ ክርኔ፣ ጉልበቴን፣ እግሬን። ውሃው ሁሉ ሳህኑ ውስጥ ይመለሳል። ማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው በጸሎት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ደሳለኝ ጓንት አድርጎ በርቅን ክንዱ ላይ ይዞ ቆሟል።

ሳህኑን አንስቼ ወደ እሱ ስሄድ ደሳለኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ያዘው እንጂ» አልኩት በአማርኛ።

«መሬት አስቀምጪው» አለኝ። ፊቴን አላየም።

«ውሃ እኮ ነው ደሴ።»

«መሬት አስቀምጪው አልኩሽ፤ እኔ አነሳዋለሁ።»

አስቀመጥኩት። እሱ በነጻ እጁ አንስቶ አቀረበላቸውና ማማ ጣታቸውን እየነከሩ ወፉ ላይ ረጩ። እኔ ግን ዓይኔ ደሳለኝ ላይ ነበር። ጠብታው እንዳይነካው ፊቱን ወደ ትከሻው አዞረ። ያ ነጠላ፣ እናቶቹ ገበያ ላይ ልጆቻቸውን የሚሸፍኑበት ነጠላ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚያ ግቢ ውስጥ ሲዘረጋ ያየሁ መሰለኝ።

ባባ ደግሞ በእናታቸው ውሃ ብቻ የሚተማመኑ ሰው አይደሉም። ረፋድ ላይ «ያላ፣ ሐኪም ጋ እንወስደዋለን» አሉ። ማማም አብሬ ካልሄድኩ አሉ፤ እሳቸው ካሉ እኔ አለሁ። ደሳለኝ እየነዳ፣ ባባ ከፊት፣ እኔና ማማ ከኋላ፣ በርቅ ቆቡን አጥልቆ ሁለታችን መሃል መቆሚያው ላይ ሆኖ፣ ሱቅ ዋቂፍ ከሚባለው ገበያ አጠገብ ወዳለው የጭልፊት ሐኪም ቤት ሄድን። መንገዱን ሙሉ የምለምነው ለወፉ ነበር። አንድ ነገር አግኙበት፣ በሽታም ይሁን ስብራት፣ ብቻ የእኔ እንዳይሆን።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ናቸው፣ ሰፊ ግንባር ያላቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ። ወፉን በፎጣ ጠቀለሉና ረዳታቸው ያዘው። ክፍሉን አጨለሙና በትንሽ መብራት ዓይኑን ያዩ ጀመር። ሌላ ረዳት በዘንግ ጫፍ ሥጋ ሰክቶ አንዴ ወደ ግድግዳው ያርቀዋል፣ አንዴ አፍንጫው ሥር ያመጣዋል። ሐኪሙ ትናንሽ ሌንሶች እየቀያየሩ መብራቱ ከዓይኑ ውስጥ እንዴት እንደሚመለስ ያያሉ። ቀኙን ጨርሰው ወደ ግራው ሲመጡ ቆዩ። እንደገና አስቀረቡ፣ እንደገና አስራቁ።

መብራት ሲበራ «ማን ነው ቅርብ አያይም ያለው?» ብለው ጠየቁ፤ ባባ ነግረዋቸው ኖሯል። ማማ ወደ እኔ አመለከቱ። ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁና ለሁላችንም ማስረዳት ጀመሩ።

«የጭልፊት ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ለስላሳ ነው» አሉ። «ዙሪያውን ጡንቻዎች ይዘውታል። ሲጨምቁት ይወፍራል፣ ቅርቡ ይጠራለታል። ሲለቁት ይሳሳል፣ ሩቁ ይጠራለታል። ከፊት ያለው የዓይኑ መስተዋት እንኳ አብሮ ይጎብጣል። የእኛም ዓይን ሌንሱን እንዲሁ ያደርጋል፣ ግን የእኛ ዘገምተኛ ነው። እሱ ከሰማይ ሲወርድ ርግቧ መጀመሪያ ሩቅ ናት፣ ወዲያው እግሩ ሥር ናት። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ሳያቋርጥ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ መጨረሻዋን ክንድ ያህል ርቀት አያያትም።»

«እና የእሱ?» አሉ ባባ።

«ቀኙ ጤነኛ ነው። የግራው ጡንቻ አይሠራም፤ ዓይኑ ሩቅ ላይ ቀርቷል። ሩቁን ሁለቱም ዓይኖቹ ያሳዩታል፣ ሲቀርብ አንዱ ይከዳዋል። ምት ነው። ሲያዝ ይሁን ሲጓጓዝ አላውቅም፣ ጭንቅላቱን ተመትቷል። ውስጡ ጠባሳ አለ፣ ደርቋል። ወራት አልፎታል።»

ማማ ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ተጎነበሱ። «ወራት? ወደ እኛ ሳይመጣ?»

«ሳይመጣ ነው ሐጃ። በዚህ ሳምንት የሆነ ነገር የለም።»

ማማ «ሱብሓነላህ፣ ሚስኪን» አሉ ለወፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ጉንጬን በመዳፋቸው ያዙና «አልማ፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። ሳላውቀው እንባዬ ወረደ። ባባም «ማአሌሽ አልማ፣ ግድ የለም» ብለው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ለእነሱ ነገሩ እዚያው አበቃ፤ ባባ ወፉ ይድን እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ፣ ሐኪሙም ጡንቻው እንደማይመለስ ነገሯቸው። እኔ የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ዞሬ ደሳለኝን ፈለግኩት። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ ዐረብኛው ከእኔ ይበልጣል። ፊቱ ላይ ያሰብኩትን አላገኘሁም።

ማማ እዚህ ከደረስን ሳፍሮን የሚባለውን ቅመም ካልገዛሁ አሉና ባባ ራሳቸው ደግፈው ወደ ሱቁ ወሰዷቸው። እኔና ደሳለኝ መኪናው ውስጥ ቀረን። በርቅ ቆቡን አጥልቆ ከእኔ ጎን ተቀምጧል። ውጭ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ።

«ሰማህ አይደል?» አልኩት ከኋላ ሆኜ።

«ሰማሁ።»

«የቆየ ጠባሳ ነው አሉ።»

«ሰማሁ አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

«ሐኪሙ የተናገሩት ስለ ወፉ ነው፤ ስለ አንቺ አልተናገሩም» አለ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። «ስለ እኔ ምን እንዲሉልህ ነው? እኔንም በመብራት ይመርምሩኝ?»

«ዓለሜ፣ አታስቂኝ። ጠዋት ለወንድሜ ደውዬ ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«የሆነውን። ውሃውን።»

«እሱስ ምን አለህ?»

መሪውን በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። «ንገረኝ እንጂ» አልኩት።

«‹ዐረቡ እንኳ ለይቷታል› አለ።»

እስቲ አስቡት። እነዚያ ሰዎች ስለ እናቴ ሥራ አንድም ቀን ሰምተው አያውቁም፤ ሸክላ ከፕላስቲክ የሚለዩ አይመስለኝም። ከደሳለኝ ወንድም ጋር በምንም የማይስማሙ ሰዎች በእኔ ላይ ግን ምስክር ሆነው ተቆጠሩ።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ መሆኗን ነግሬህ ነበር» አልኩት።

«ነግረሽኛል።»

«‹አፈር ጠፍጥፎ መብላት ምን ነውር አለው› ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እና?»

«ያኔ ወሬ ነበር። ዛሬ ውሃውን አየሁት።» እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «ልጅ ብንወልድ፣ ልጁ ቢታመም፣ እናቴ ማንን የምታይ ይመስልሻል? እኔስ? እኔ ራሴ ማንን አይ ይሆን? እሱን ነው የፈራሁት።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ መልስ አለው። ያለቀሰ ሰው ግን ምን ይባላል? አጠገቤ ያለው ወፍ ላባውን አራገፈ። ባባና ማማ ሲመለሱ ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው። ማማ ለእኔም ትንሽ ሳፍሮን አስጠቅልለውልኝ መጡ።

እሑድ ጠዋት ለደሳለኝ «ይሄዳሉ?» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፣ አልመለሰም። ለእናቴ ልደውል ብዬ ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ምን ልበላት? ልጅሽ ጭልፊት በላች ተባለች ልበላት? ምናልባት ወንድሙ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል፣ ምናልባት ደሳለኝ ሌሊቱን አስቦበት ይሆናል እያልኩ ሰዓቱን አሳለፍኩት።

ከሰዓት በቪዲዮ ደወልኩላት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አዲስ ሳር የተጎዘጎዘበት ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከኋላዋ የተደረደረውን ሳይ መጀመሪያ ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። የፕላስቲክ ጆግ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ የብረት ድስት።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ተውሼ ነው። ሸክላውን ሁሉ ጓሮ ደብቄዋለሁ፣ እነሱ እንዳይከፋቸው።»

ዕድሜዋን ሙሉ እንስራና ምንቸት ስትሠራ የኖረች ሴት፣ ለሽማግሌዎች ጠላ የምትቀዳበት የራሷን እቃ ደብቃ ፕላስቲክ ተውሳለች።

«መጡ?» አልኳት፣ እያወቅኩት።

«አልመጡም። መንገዱ ጭቃ ሆኖባቸው ይሆናል።»

በዚያ ወር በእኛ አገር ዝናብ እንደማይዘንብ ሁለታችንም እናውቃለን። «ይሆናል» አልኳት።

ደሳለኝ በወሩ ሌላ ቤት ሥራ አገኘሁ ብሎ ወጣ። ሲሰናበተኝ እጁን ሰጠኝ፤ ዓይኔን አላየም። ወሬው ግን ከእሱ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ከወራት በኋላ አርብ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የአገሬ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማ ነበር። ሰላም ልላት ስጠጋ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ የልጁን ፊት ሸፈነችው። እዚህ፣ ዶሃ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። ሰላም ሳልላት አለፍኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ደሳለኝን ክፉ ሰው ነው እንዳትሉት። እኔ ስንቴ ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም። ኮርኒሽ ላይ ሲስቅ ከልቡ ነበር የሳቀው። የእኔ ነገር ሩቅ ሳለ ከማንም በላይ አጥርቶ አየው፤ ክንድ ያህል ሲቀርበው ግን ዓይኑ ከዳው። ጠባሳው ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ገና ሳያውቀኝ፣ በልጅነቱ፣ እናቱ ነጠላዋን ስትጎትትበት የደረቀ ነው። እንዲህ ብዬ ሳስበው ይገባኛል። የገባኝ ነገር ሁሉ ግን አልቀለለኝም። ከእናንተም ውስጥ «በዚህ ዘመን?» ብላችሁ የምትስቁ ትኖራላችሁ። እሱም እንዲሁ ነበር የሳቀው።

የተለወጥኩት በአንድ ነገር ነው፤ ያማረ ነገር ሳይ ዝም እላለሁ። ሕፃን ሲያሳዩኝ መሬት አያለሁ። የሙሽራ ፎቶ ሲሰጡኝ «መልካም» ብዬ እመልሳለሁ። «እንትፍ እንትፍ» የምትል አፌ ተዘግታለች። በዚህ የሚጎዳ የለም፣ ከእኔ በቀር።

በርቅ አሁንም እዚያው ግቢ አለ። አያድንም፣ ባባም አልሸጡትም። ሥጋውን የማቀብለው እኔ ነኝ። አሁን ሩቅ አድርጌ እይዝለትና አጥርቶ እስኪያየው እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልኩ አቀርብለታለሁ። ማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው «በርቅ ካንቺ በቀር ማንንም አይወድም» ይሉኛል። ስለ ውሃው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም፤ የረሱት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። ያን እሑድ ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት እናቴን «በቃ፣ ሸክላሽን ከጓሮ አስገቢው» ብያት ነበር።

«ጓዳ አስገብቼዋለሁ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት? ገና ሽማግሌዎቹ መቅረታቸው ሳይታወቅ?»

እናቴ የተዋሰችውን ጆግ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው። «ልጄ፣ ይሄን ያልመለስኩት አንቺ እንዳይከፋሽ ነው። እኔ እኮ እዚህ ነው የምኖረው» አለችኝ።